ጥርሴን ሳወልቅ የምትመጣው እናት

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ ለእናንተ ነው የምናገረው። ጥርሳችሁ ሲሰበር በሱፐር ግሉ አታጣብቁት። ሲቆረቁራችሁ በጥፍር ሞረድ አትሞርዱት። አፋችሁ ውስጥ የማይድን ቁስል ካለ «ያልፋል» እያላችሁ አትቀመጡ። እኔ ሦስቱንም አድርጌያለሁ፤ ስለዚህ እንደ አዋቂ ሳይሆን እንደ ተቃጠለ ሰው ስሙኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ማንም ሐኪም አይነግራችሁም፤ እሱን ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ስሜ ለተብርሃን ነው፤ የቤት ስሜ ለታይ። አስመራ ተወለድኩ፣ አዲስ አበባ አደግኩ፣ ናይሮቢ አረጀሁ። መሃል ከተማ አንድ ፎቅ ላይ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የምሸጥባት ጠባብ ስቶል አለችኝ። ጥርሶቼ ገና በጎልማሳነቴ በድድ ሕመም እየተነቃነቁ አለቁና ከላይም ከታችም ሰው ሠራሽ አስገባሁ። የላይኛው ላንቃዬ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለሚይዝ ክፉ አልሆነብኝም፤ ስተኛ ብቻ ነው የማወጣው። ጉዴን ያፈላው የታችኛው ነው።

መጀመሪያ ላላ። ስናገር ይንሸራተታል፣ ስስቅ ይነሳል። አንድ ቀን ከአንዲት ሙሽራ ጋር ዋጋ ስንከራከር ጭራሽ ተነስቶ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ዋጋውን በጣቴ አሳየኋት። ልጅቷ በጣም የተቆጣሁ መስሏት ሳትከራከር ከፍላኝ ሄደች። በሕይወቴ ያ ጥርስ የጠቀመኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሕመሙ መጣ። ከአገጬ ተነስቶ ከንፈሬ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ሙዝ እንኳ ማላመጥ አቃተኝ። ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ቀለበቴ ከጣቴ ወለቀ። አንዱ ክሊኒክ «የአፍ ፈንገስ ነው» ብሎ ሽሮፕ ሰጠኝ። ሌላው ስኳር ጠርጥሮ ደሜን ወሰደ፤ ስኳር የለብኝም። ሌላው ጥርሱን ራሱ ሞርዶ መለሰልኝና ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ አንዱ መብራቱን አፌ ላይ አድርጎ ቆየና ዝም አለ። ወገኖቼ፣ ሐኪም ሲናገር አትፍሩ፤ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። «ቁስሉ ቆይቷል፤ ካንሰር እንዳይሆን ትንሽ ሥጋ ወስደን እናስመርምር» አለኝ።

ውጤቱን ልቀበል የሄድኩ ዕለት የመጠበቂያው ክፍል ጢም ብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በስዋሂሊ ይጮሃል፣ እኔ በሆዴ ኑዛዜዬን እያደላደልኩ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ኬንያዊት አሮጊት ጭንቀቴን አይተው እጄን ያዙኝ። «ፖሌ፣ ፖሌ ማማ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። አፌን አመለከትኳቸው። እሳቸውም ባዶ ድዳቸውን ገልጠው አሳዩኝና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስሜ ተጠርቶ ገብቼ ካንሰር እንዳልሆነ እስኪነገረኝ ድረስ የእጃቸው ሙቀት እጄ ላይ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አሁንም የነገረኝ የለም።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ጋሼ መሐሪ ታላቄ ነው። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አስመራ ያለችው እናታችን ሞተች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ደም ግፊቱ ይገድለዋል፣ ሲበረታ እናረዳዋለን» አሉ። ወጋችን ነውና እሺ አልኩ። እንዳይጠረጥር ጥቁር አልለበስኩም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ጋሼ ከሆስፒታል ወጣ፤ ነገር ግን በሽታው ትዝታውን እየሸራረፈ ይወስድ ጀመር፣ የሚበረታበት ቀን ሳይመጣ ቀረ። መርዶውም በዚያው ተረሳ። እናታችንን እንደ አስመራው «አደይ» ነበር የምንላት። ጋሼ «አደይ ደህና ናት?» ሲለኝ «ደህና ናት» እላለሁ።

ቀን ቀን ስቶሉ ይዤው እሄዳለሁ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ነጠላ ያጥፋል፤ ጭንቅላቱ ቢረሳም እጁ አልረሳም። እዚያ እኔ ለታይ ነኝ፣ ይቆጣኛል፣ ይቀልድብኛል። ማታ ቤት እንደገባን ግን ሕመሙ አላስቆም ስለሚለኝ መጀመሪያ የማደርገው የታችኛውን ጥርስ ማውለቅ ነው። ሲወልቅ አገጬ ወደ አፍንጫዬ ይጠጋል፣ ከንፈሬ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ምሽት እራት ሳቀርብለት ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ በራ።

«አደይ! መቼ መጣሽ?» አለኝ።

ሳህኑን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ መስታወት አየሁ። እውነቱን ነው። አደይ በስተርጅናዋ አንድም ጥርስ አልነበራትም። ያ አገጭ፣ ያ የተጨማደደ አፍ፣ ያ የጎደጎደ ጉንጭ፣ ሁሉም የእሷ ነው። እናቴን ሳልቀብራት መስታወት ውስጥ ቆማ ታየኛለች።

«አደይ አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ግን ተመልሼ ስገባ ያን የማይቀምሰውን እራት በልቶ ጨርሶ ነበር። ከለታይ እጅ አልቀበል ያለውን ኪኒን ከአደይ እጅ ተቀበለ። «ወደይ፣ ዋጥ አድርግ» አልኩት፤ ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፣ እሷ ነበረች እንደዚያ የምትለው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አደይ በየምሽቱ መጣች። «ለታይስ?» ይለኛል ማታ። «ሥራ ላይ ናት» እላለሁ። ስቶል ስንሆን ደግሞ «ተነሺ እንሂድ፣ አደይ ብቻዋን ናት» ይለኛል። በአንድ አፍ ሁለት ሰው ሆኜ ኖርኩ። መጀመሪያ ላይ ለእሱ ስል የማደርገው መሰለኝ። ኋላ ግን እሱ ተኝቶ እንኳ እንደ አደይ ሳል ያስለኛል፣ እንደ አደይ ወገቤን ይዤ እነሳለሁ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ «ወደይ፣ ወደይ» ስል ራሴን ሰማሁት። ማንም አልነበረም። የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት በፎጣ ሸፈንኩት። ፈራሁ፣ ምኑን እደብቃችኋለሁ! የሞተ ሰው ፊቴ ላይ መጥቶ እየኖረ ነው ብዬ ፈራሁ።

ልጄ ዊንታ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ቢሮ የምትሠራ፣ ቃል የማትመርጥ ልጅ ናት። አንድ ምሽት ሳትደውል መጣችና ጋሼ «አደይ» ሲለኝ፣ እኔም «ወደይ» ስለው ደረሰች። እጄን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝ።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዚስ? አያቴ እኮ ሞታለች።»

«ቀስ በይ! ይሰማሻል።»

«ይስማ! ሲርየስሊ ማሚ፣ ያስፈራል። አጎት አለኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ አያት አለችኝ። እናቴስ የት ሄደች?»

«አሞኝ ነው የማወልቀው» ብቻ አልኳት። ቀሚሴ ላዬ ላይ እንዴት እንደተንጠለጠለ ያኔ አየችና አለቀሰች። በዚያው ሳምንት ዌስትላንድስ ወደምትገኝ አንዲት የጥርስ ሐኪም ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ጥርሴን ሳይሆን አጥንቴን አየች። በራጅ ማሽን አገጬን ዙሪያውን አስነስታ ስክሪን ላይ አሳየችኝ። ጥርስ የሌለው መንጋጋ ሥራ እንደፈታ ሰው እያነሰ ይሄዳል፤ የእኔ ከማለቁ የተነሳ አጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ መሄድ ያለበት ነርቭ አናቱ ላይ ወጥቷል። ሰው ሠራሹ ጥርስ ባላመጥኩ ቁጥር እሱን ነው የሚረግጠው። ነዝሮ የሚጥለኝ ያ ነበር። ይህን ለማወቅ ስንት በር አንኳኳሁ! «ማማ፣ ይህ ጥርስ ቢቀየርም ያው ነው» አለችኝ። «ፊት ለፊት አገጭዎ ላይ አጥንት ተርፎዎታል። እዚያ አራት ብሎን እንተክላለን፤ አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው ወራት ይፈጃል። ከዚያ በላዩ ላይ ጥርስ ይገጠማል።»

ኢምፕላንት የሚሉት ይህንኑ ነው። ጥርሱ ደግሞ በሁለት ዓይነት ይገጠማል አለችኝ፤ ወይ እንደ ቁልፍ ቀጭ ብሎ የሚገባና ማታ የሚወልቅ፣ ወይ በብሎኑ ታስሮ ሐኪም ካልፈታው በቀር የማይወልቅ። «አጥንቱ ሲይዝ ይወስናሉ» አለችኝ።

«የሚወልቀው ይሁንልኝ» አልኩ ወዲያው። ዊንታ ዞራ አየችኝ። ለምን እንደሆነ ገብቷታል፤ እኔም ገብቶኛል። የማይወልቀውን ካስገጠምኩ አደይ ሁለተኛ ወደ ቤት አትመጣም፤ ጋሼስ ከማን እጅ ይበላል?

ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ትደነግጣላችሁ። የእኔ እቁብም የዊንታ ቁጠባም እዚያ ገባ።

ቀዶ ጥገናውን ስለምትፈሩት ልንገራችሁ፤ አያምም። በመርፌ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት። ድምፁ ነው የሚከብደው፣ የመሰርሰሪያው ጩኸት በጆሮ ሳይሆን በራስ ቅል ውስጥ ነው የሚሰማው። አብራኝ የነበረችው ነርስ ቁርጭምጭሚቴን ይዛልኝ ዋለች፤ ለምን ቁርጭምጭሚቴን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ረድቶኛል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። ቁስሉ እስኪጠግግ ለሁለት ሳምንት የታችኛውን ጥርስ ማድረግ ተከለከልኩ። ስቶሉን ዘጋሁ። አደይ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ሙሉ ቤት ዋለች።

ጋሼ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ አለው። ከስሬ አይጠፋም፣ ልጅነቱን ያወራኛል። ከዚያ ፊቱ ይጨልም ጀመር። «ለታይ ለምን አትመጣም?» «ሥራ በዝቶባት ነው።» «እሑድም?» «እሑድም።» መብላት ተወ። ከአደይም እጅ ቢሆን አልበላ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አፌን በጨው ውኃ ተጉመጥምጬ ስወጣ በሩ ተከፍቷል፤ ጋሼ የለም።

ማስክ አፌ ላይ ጣል አድርጌ ሮጥኩ። ያበጠ ፊቴን ይዤ፣ በቤት ጫማ፣ ዋናው መንገድ ድረስ። ማታቱ፣ ሚኒባስ ታክሲው፣ የሚቆምበት ቦታ አገኘሁት። ዝናብ ያካፋል። እሱ በነጠላ ጫማ ቆሞ የሚመጣውን ማታቱ ሁሉ በመስኮቱ ያያል፤ አንዱ ሊነሳ ሲል እጁን ከመስኮቱ አልለቅም ብሎ አብሮ ይጎተታል። ደርሼ ወገቡን አቀፍኩት።

«ወደይ፣ ና ቤት እንግባ» አልኩት በአደይ ድምፅ። የማውቀው እሱን ድምፅ ብቻ ሆኖ ነበር።

ማስኬን ዝቅ አድርጎ ፊቴን አየ። እንደ ወትሮው አልበራም። «አደይ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «ለታይ ሞታ ነው የደበቃችሁኝ?»

«ኧረ በሥላሴ! ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የምትሉት። ሥራ ላይ ናት፣ መንገድ ላይ ናት፣ ደህና ናት። ለእኔ ብቻ ነው ያልተነገረኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ! ለታይ ነኝ! እየኝ!» ባዶ አፌ ቃሉን እንኳ አላወጣልኝም፣ ስሜ ራሱ ከንፈሬ ላይ ተልፈሰፈሰ። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ያ የሚያምር ዓይኑ በእንባ ሞላ። ሐዘን አእምሮዬን ያሳተው መሰለው። ራሴን ደረቱ ላይ አስደግፎ «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ፤ ልጅሽን አጥተሽ ብቻሽን ተሸክመሽው ኖርሽ» አለኝና ጮክ ብሎ አለቀሰ። «እህቴን! ለታይን!» ይላል። የማታቱው ረዳት «ማማ፣ ኡኮ ሳዋ?» ይለኛል፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ምን ልበለው? በቁሜ ይለቀስልኛል፣ እኔው ቆሜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ካንሰር ሲሉኝ እንኳ አልፈራሁም።

ቁስሉ ሲጠግግ ዶክተሯ የድሮውን ጥርስ ሥር በለስላሳ ነገር አልብሳ ለጊዜው መለሰችልኝ። ቤት ስገባ ጋሼ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። «አለሽ?» አለኝ። «አለሁ» አልኩት። የዚያን ቀን በላ።

አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ያሉትን ወራት አሳጥሬ ልለፋቸው። ከአራቱ አንዱ አልያዘም፤ ወጥቶ በሌላ ተተካና እንደገና መጠበቅ ሆነ። ስለዚህ «ባንድ ጊዜ ያልቃል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። በእነዚያ ወራት የማውቀውን ሁሉ ጠየቅኩ። ሽማግሌዎቹን «ጋሼን እናርዳው» ብዬ ለመንኳቸው። «አይሆንም፣ ይሞትብሻል» አሉኝ። ዊንታ «የእሱ ሐኪም ጋ ሆነን እንንገረው» አለች። እኔ ግን ማታቱው ሥር የሰማሁት ልቅሶ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ወንድሜ በሕይወት ያለችን እህት እየቀበረ፣ የሞተችን እናት እራት እየጠበቀ ሊኖር ነው?

የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ዶክተሯ «ያኛው፣ የሚወልቀው ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አይ፣ የማይወልቀው።»

«አስበውበታል? እርስዎ ማውጣት አይችሉም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አልኳት።

ከተገጠመልኝ በኋላ ለሰስ ያለ ምግብ ብዪ የተባልኩበት ጊዜ ሲያልቅ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ስንት ዓመቴ ነው በቆሎ ከጋጥኩ! እንባዬ ወረደ፣ ሻጯ በርበሬው የበዛብኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ። ሥሩን በየቀኑ ማጽዳት አለባችሁ፣ በየጊዜው ማሳየትም፤ ካልሆነ ድዱ ቆስሎ ብሎኑን ይለቀዋል። ነርቬ ከዚያ ወዲህ አልተረገጠም። ፊቴም የራሴ ሆነ።

ያስገጠምኩ ዕለት ማታ ግን ጋሼ በር በሩን እያየ ተቀመጠ። «አደይ ዘገየች» አለኝ። እራቱን አልነካም። «ሥራ ላይ ናት» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

መርዶ በወጋችን ማለዳ ነው። ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እጄ ላይ ኪኒኑን ይዣለሁ፣ ዓይኔ ደረቱ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ከሆነ ወንድሜን ልገድለው ነው።

«ጋሼ፣ አደይ ሞታለች» አልኩት።

ከትራሱ ቀና አለ። «መቼ?»

«ቆይቷል። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ነበር።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና አለቀሰ። ብዙ አልጮኸም። እኔ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ከዚያ ፊቱን ገልጦ «አንቺስ? ለአንቺ ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ስቶሉ ድረስ መጡ፣ ሽማግሌዎቹ» አልኩት። «ቀሚስ የምትለካ ሴት ነበረች። ‘እንዳታለቅሺ፣ ፊትሽን አይቶ ያውቅብሻል’ አሉኝ። ቀሚሱን አጥፌ ሸጥኩላት።»

«ማን አብሮሽ ነበር?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አንቺ ገና አላለቀስሽም ማለት ነው» አለኝና ጋቢውን ከፈተልኝ። ገባሁ። አፌን ሳልሸፍን አለቀስኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

በማግስቱ ረስቶት «አደይ የት ሄደች?» አለኝ። እንደገና ነገርኩት። እንደገና አለቀሰ፣ እንደገናም ፊቱን ገልጦ ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ማን አብሮሽ ነበር?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።